ደጅ የሚያንኳኳ ሰው

ዘንድሮ መስከረም ላይ ዕቅድ አልጻፍኩም። አዲስ ደብተር ገዝቶ "ስፖርት፣ ንባብ፣ ቁጠባ፣ ጸሎት" ብሎ በቀለም ማስመር ደስ ይላል። ግን ደብተሩ ከአደይ አበባው ጋር አብሮ ይጠወልጋል። በምትኩ ሌላ ነገር ማሰብ ያዝኩ። ሳልጽፋቸውና ሳልፎክርባቸው፣ ዓመት መጥቶ ዓመት ሲሄድ የማላቋርጣቸው ነገሮች የትኞቹ ናቸው?

አንዱ እቁብ ነው። ለብቻዬ ባንክ አስቀምጣለሁ ያልኩት ብር ወሩ ሳይጋመስ በሞባይል ተመልሶ ይወጣል። ዛሬ መብራት፣ ነገ የሰው ልደት። የእቁቡን ግን ዘልዬ አላውቅም። ቆጣቢ ሆኜ መስሏችሁ እንዳትሞኙ። ዳኛው ይደውላል። ጸሐፊዋ ስሜን መዝገብ ላይ ይዛዋለች። ዕጣው ቀድሞ ከወጣልኝ ደግሞ ብሩን የምወስደው ዋስ ጠርቼ ነው፤ ብቀር የማዋርደው ዋሴን ነው። እስቲ የትኛው የስልክ መተግበሪያ ነው ሰውን እንዲህ የሚይዘው? እቁብ ወለድ እንደሌለው አውቃለሁ። ዋጋ በሚንርበት ዘመን መጨረሻ ላይ የሚደርሰው ሰው እንደሚጎዳም አውቃለሁ። ቢሆንም ቤቴ ውስጥ ያለው ፍሪጅም ሶፋም የእቁብ ነው። በራሴ ጉብዝና ካስቀመጥኩት የተገዛ ዕቃ ፈልጌ አጣሁ።

ጾምም እንደዚያው ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። አንድን ሰው "ለብቻህ ይህን ያህል ጊዜ ከሥጋና ከወተት ራቅ" ብትሉት ሳምንት አይሞላም። እኛ ዘንድ ግን ጓዳው ራሱ ይጾማል። ቅቤው ይነሳል፣ ምግብ ቤቱ በየዓይነቱን ያቀርባል፣ ብዙ ሥጋ ቤት ይዘጋል። በየምሳ ሰዓቱ ከራስ ጋር መከራከር የለም። በረመዳንም ሌሊት ለሱሁር የብሎካችን መስኮቶች አንድ በአንድ ሲበሩ ሳይ ያው ነገር ይታየኛል። ማንም ብቻውን አይነሳም።

ፌስቡክ ላይ "ልማድ በ21 ቀን ይያዛል" የሚሉ አሉ። ቁጥሩ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው በ1960 እ.ኤ.አ. ከጻፈ አንድ አሜሪካዊ የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪም ነው። እሱ ያለው ታካሚዎቹ አዲሱን ፊታቸውን ለመልመድ ቢያንስ 21 ቀን ገደማ እንደሚወስድባቸው ነበር። ስለ ሩጫና ንባብ አላወራም። በኋላ የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች 96 ሰዎችን ተከታትለው በ2010 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት ሌላ ነገር ያሳያል። አንድ ድርጊት ሳይታሰብበት የሚሠራ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን ፈጀ። ለአንዱ 18፣ ለሌላው እስከ 254 ቀን። ውሃ መጠጣት ቶሎ ይለመዳል፤ ስፖርት ያስቸግራል። እኔን ያሳረፈኝ ግን ሌላው ግኝት ነው፤ አንድ ቀን መዝለል ብዙም የሚያበላሸው ነገር የለም። እኛ አንድ ቀን ስንዘል "በቃ፣ ተበላሸ" ብለን እርግፍ አድርገን እንተዋለን።

የእግር ጉዞው የመጣልኝ ከላይኛው ፎቅ ካሉት እናት ነው። ስኳር አለባቸው፤ ሐኪማቸው በእግር ይሂዱ ብሏቸዋል። ብቻቸውን መውጣት ፈሩ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ በሬ ይንኳኳል።

"ተነሥተሻል?"

"መጣሁ እማማ፣ ጫማዬን እያሰርኩ ነው።"

አንዳንዴ ውሸት ነው፤ ገና አልጋ ላይ ነኝ። ግን እማማን በር ላይ አቁሜ አልተኛም። እሳቸው የሚወጡት እኔ አለሁ ብለው፣ እኔም የምወጣው እሳቸው ይጠብቁኛል ብዬ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ እንቅስቃሴ ይመክራል። በሳምንት አምስት ቀን ግማሽ ግማሽ ሰዓት ማለት ነው። የእኛ ከዚያ ሳይበልጥ አይቀርም፤ እማማ መንገድ ላይ ሰላምታ ሲያበዙ የምንቆመው ካልተቀነሰ።

ንባቡ ነበር ያስቸገረኝ። መጽሐፍ ደጅ አያንኳኳም። ስለዚህ ቅዳሜ ቡና ላይ አስገባሁት። ከአቦል እስከ በረካ ረጅም ሰዓት ነው፤ ሐሜትም ቢሆን ያልቃል። ጥቂት ገጽ ጮክ ብዬ ማንበብ ስጀምር ጎረቤቶቼ ሳቁብኝ። "ደግሞ ትምህርት ቤት ልታስገቢን ነው?" አለች አንዷ። አሁን ቶና ሳይቀዳ "ያ ሰውዬ እንዴት ሆነ?" የምትለው እሷው ናት። ቅዳሜ የተነበበው እንዳይረሳኝ ደግሞ በመሀል ቀናት ታክሲ ሰልፍ ላይ መልሼ አነባለሁ። የሚጠይቀኝ ሰው አለ።

ጸሎቴን ለማንም አላካፈልኩም። ሁሉም ነገር ምስክር አያሻውም፤ እሱ እንዳመሉ ይሂድ።

ያልተቻለኝ የማታ ስልክ ነው። አንድ ቪዲዮ ብዬ ከፍቼ እኩለ ሌሊት ይሆናል። ባለፈው ሳምንት ከልጄ ጋር ተስማማን። ማታ 3 ሰዓት ላይ እሷ የእኔን ስልክ ትቀበለኛለች፣ እኔ የእሷን። ትናንት የቢሮ መልእክት እየመለስኩ አሥር ደቂቃ አሳለፍኩ።

"እማዬ፣ ሰዓት አልፏል። ቅጣት አለብሽ።"

"ስንት?"

"አስቤ ነገ እነግርሻለሁ።"

እስካሁን አልነገረችኝም።