ያ ባነር ባይኖር ኖሮ

ባቲ ላይ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ድንቅነሽ የተገኘችበት ሐዳር ከእኛ ቁልቁል፣ አፋር ውስጥ ነው። ተማሪዎቼ ግን ሉሲን የሚያውቋት በካፌ ስም ነው። ለወላጆችም ክፍት የሆነ ትንሽ ኤግዚቢሽን አሰብኩ። ክፍል አስፈቀድኩ፣ ፎቶ አሳጠብኩ፣ ጠረጴዛ ተዋስኩ። ሁለት ቀን አልፈጀም።

ጉዱ የመጣው ከባነሩ ነው። ያቺን ዝንጀሮ ቀና፣ ቀና እያለ ሰው የሚሆንባትን ሥዕል ደሴ ወስጄ ሁለት ሜትር አድርጌ አሳተምኳት። ጠቅልዬ በብብቴ ይዤ ለፈቃድ ቢሮ ሄድኩ። ኃላፊው ገለጥ አድርገው አዩና "ተወው፣ እናየዋለን" አሉ። በማግስቱ ስብሰባ። ከዚያ መስክ። ከዚያ ደግሞ "ደብዳቤህ ቁጥር የለውም።" ሦስት ሳምንት አግዳሚ ላይ ተጎለትኩ። አይሆንም ቢሉኝ ምን ነበረበት?

በመጨረሻ የግቢው ጥበቃ፣ ሽማግሌ ናቸው፣ "እስቲ አሳየኝ" አሉ። ዘረጋሁላቸው። አዩ፣ አዩና "ልጄ፣ የሰውን አያት ዝንጀሮ ብለህ ነው ና የምትለው?"

አፈርኩ። ይባስ ብሎ ሥዕሉ በሳይንሱም ስህተት ነው። ሳይንሱ የሚለው ከቺምፓንዚ ጋር የጋራ ቅድመ አያት ነበረን ነው እንጂ ዛሬ ከምናየው ዝንጀሮ መጣን አይደለም። ይህን በየዓመቱ አስተምራለሁ!

እንደ እኔ ኤግዚቢሽን የምታስቡ ካላችሁ፣ ደብዳቤ ከመጻፋችሁ በፊት ከሰዉ ጋር ቡና ጠጡ። የቢሮው መመሪያ መጀመሪያ ደብዳቤ ይላል፤ ይበል። ሃይማኖት አታንሱ የሚሏችሁንም አትስሙ፤ ቀድማችሁ አንሱት። እኔ ሼሁንና ቄሱን አስቀምጬ "አጥንቱን ላሳይ፣ እምነታችሁን አልነካም" አልኩ። "አብሽር" አሉኝ ሼሁ። አንድ ስልክ ደወሉ። ደብዳቤዬ በማግስቱ ቁጥር አገኘ።

በባነሩ ፈንታ 1 ሜትር ከ10 የሚሆን ዱላ ቆረጥኩ። የ3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ድንቅነሽ ቁመቷ እዚያ ገደማ ነው። ትንንሾቹ እየተሰለፉ ተለኩበት። ከዚያ ሁሉም ጭኑን እንዲዳብስ አደረግኩ። የጭን አጥንታችን ወደ ጉልበት ሲወርድ ወደ ውስጥ ያዘነብላል፤ በሁለት እግር ስንራመድ የማንወላገደው ለዚህ ነው። እሷ ከመገኘቷ 1 ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1973፣ ሐዳር ላይ የተገኘው ጉልበት እንዲሁ ያዘነበለ ነበር።

ሼሁ ዱላውን ይዘው "እንግዲያ የወሎ ልጅ ናታ!" አሉ።

"ስትገኝ ሐዳር ወሎ ሥር ነበር" አልኩ።

አንድ አፋር ተማሪዬ ከኋላ ብድግ አለ። "ተው እንጂ ቲቸር! የእኛ ሰፈር ናት።"