ከአዘዞ ሽቅብ

ከደቡብ ወደ ጎንደር የሚመጣ እንግዳ፣ በአየርም ይምጣ በምድር፣ የሚገባው በአዘዞ በኩል ነው። የአፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ የሚገኘው እዚያ ነው፤ ከባሕር ዳር የሚመጣው አስፋልትም በዚያው ያልፋል። ከአዘዞ እስከ ከተማዋ እምብርት ያለው መንገድ ሽቅብ ነው። ልዩነቱ ያለው ከአዘዞ በፊት በታየው ነገር ላይ ነው።

ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ለተነሣ አንድ ሰዓት ገደማ ይበቃዋል። ለሥራ ስመላለስ የኖርኩት እንደዚያ ነው፤ ከማረፊያው ወደ ሆቴል፣ ከሆቴል ወደ ስብሰባ አዳራሽ፣ ጊዜ ከተረፈም ፋሲል ግቢን ዞር ዞር ብሎ አይቶ መመለስ። በዚህ ዓመት ግን ዕረፍቴን ወስጄ ጎንደርን ብቻ ብዬ መጣሁ። ሙሉውን መንገድ በምድር መሄድ ነበር ምኞቴ፤ ጎሐ ጽዮንን አልፎ ዓባይ በረሃ መውረድ፣ ደጀን ላይ መውጣት፣ ጎጃምን ከዳር እስከ ዳር ማቋረጥ፤ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ ጉዞ። ነገር ግን በዚህ ጊዜ መንገደኛ ሻንጣውን ከማንሣቱ በፊት የመንገዱን ሰላም መጠየቅ አለበት፤ ዛሬ ክፍት የነበረው ነገ ሊዘጋ ይችላል። ይህን ስጽፍ ልቤ ያዝናል። ዘመድ ለመጠየቅ፣ ንግሥ ለማክበር፣ እህል ለመሸጥ የሚነሣ ሰው ሁሉ ይህን ጥያቄ አስቀድሞ ሊጠይቅ ባልተገባ ነበር። ስለዚህ እስከ ባሕር ዳር በረርኩ፤ መናኸሪያ ገብቼ ሾፌሮቹንም ተሳፋሪዎቹንም ጠየቅኩ፤ መንገዱ ደኅና መሆኑን ሲያረጋግጡልኝ የጎንደር ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

ከባሕር ዳር ጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አንዱም የሚሰለች አይደለም። ሐሙሲትን ካለፍን በኋላ የፎገራ ሜዳ ተዘረጋ። ጉማራና ርብ ወደ ጣና ሲወርዱ ሜዳውን በክረምት ስለሚያጥለቀልቁት ፎገራ ዛሬ የሩዝ አገር ነው፤ የአካባቢው ሰው ሩዙን ከጤፍ ጋር እየቀላቀለ እንጀራ ይጋግራል። ወረታ ላይ ሰው ወረደ፣ ሰው ተጫነ። አዲስ ዘመን ላይ ነጠላቸውን አጣፍተው የተሳፈሩ አንዲት እናት አጠገቤ ተቀመጡ።

«ለንግሥ ነው የመጣሽው ልጄ?»

«አይ እማማ፣ ጎንደርን ላይ ብዬ ነው።»

«እንግዲያው እንፍራንዝ ስንደርስ እነግርሻለሁ። የነገሥታቱ ነገር የሚጀምረው ከዚያ ነው።»

እንፍራንዝ ስንደርስ ትከሻዬን ነካ አድርገው ከመንገዱ በላይ ወደ ኮረብታው ጠቆሙኝ፤ የጉዛራ ግንብ። በአፄ ሠርፀ ድንግል ዘመን፣ ፋሲል ጎንደርን ከመቆርቆሩ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቀድሞ እንደተሠራ የሚነገርለት ነው። ከዚያ በማክሰኚትና በተዳ አድርገን አዘዞ ደረስን። አዘዞ ደግሞ የፋሲል አባት አፄ ሱስንዮስ ቤተ መንግሥትና ገነተ ኢየሱስ የተባለውን ቤተ ክርስቲያን ያሠራበት ቦታ ነው። እኒያ እናት ያሉት እውነት ነበር። በድንኳን ከአገር አገር ሲዘዋወሩ የኖሩት ነገሥታት ከጣና ዙሪያ እየተነሡ፣ እዚህ ግንብ እያሠሩ፣ እዚያ አንድ ክረምት እየቆዩ ቀስ በቀስ ወደ ሰሜን ተጉዘው ነው ጎንደር የደረሱት። ፋሲል በ1636 እ.ኤ.አ. ያቆማት ከተማ የዚያ ሁሉ ጉዞ ማረፊያ ናት። አፄ ቴዎድሮስ መንበሩን ወደ ደብረ ታቦርና መቅደላ እስኪወስዱት ድረስ ከ200 ዓመት በላይ መናገሻ ሆና ኖራለች። በአውሮፕላን ስመጣ ግንቦቹ ከሜዳ ብቅ ያሉ ይመስለኝ ነበር። በመኪና ስመጣ ግን እናታቸውንም አባታቸውንም መንገድ ላይ አገኘኋቸው።

መናኸሪያ ስንደርስ የባጃጆቹ ሰማያዊ ቀለም አካባቢውን ሞልቶት ነበር። ለእንግዳ ይህን ልንገር፤ ባጃጅ ውስጥ ከመግባት በፊት የሚሄዱት ለብቻ በኮንትራት ይሁን ከሌሎች ጋር በጋራ መናገር ያስፈልጋል፤ በሁለቱ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ቀላል አይደለም። ሚኒባስ ታክሲ ከፒያሳ ወደ አዘዞና ወደ ማራኪ ሲመላለስ ይውላል፤ ረዳቱ የሚጠራውን ሰፈር ማድመጥ ነው። ስለ ማደሪያ ብዙ የምለው የለኝም። ፒያሳ አካባቢ ያደረ ሰው ለሁሉም ይቀርበዋል፤ ጣሊያኖች ከ1936 እስከ 1941 እ.ኤ.አ. የሠሯቸው ፖስታ ቤቱና ሲኒማ ቤቱም ያሉት እዚያው ነው፤ ማኪያቶው መልካም ነው።

ጎንደር ውስጥ አቅጣጫ የሚሰጥ ሰው የመንገድ ስም ወይም የቤት ቁጥር አይጠራም። «ከዚህ ወረድ በይ፣ ጊዮርጊስን ስታገኚ ከፍ በይ» ነው የሚለው። ከተማዋ ያረፈችው በሁለት ወንዞች፣ በአንገረብና በቀሃ፣ መካከል ባለው ተረተር ላይ ስለሆነ ይህ አነጋገር ከማናቸውም ካርታ የተሻለ ይሠራል። ወደ ምሥራቅ የወረደ አንገረብን፣ ወደ ምዕራብ የወረደ ቀሃን ያገኛል። ሲጠፋበትም ሽቅብ መመለስ ነው፤ ተረተሩ ላይ ግንቡ አለ። ይህ ከገባኝ በኋላ ስልኬን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት፤ አብያተ ክርስቲያናቱን እየቆጠርኩ መሄድ ጀመርኩ። «አርባ አራቱ ታቦት» የሚባልባት ከተማ ናትና ምልክት አይቸግርም።

አሁን ከሁሉ በላይ ልጽፍ ወደምፈልገው ልምጣ። በማግሥቱ ጠዋት ፋሲል ግቢ ሳልገባ አጥሩን በውጭ በኩል ዞርኩት። አጥሩ 900 ሜትር ርዝመት አለው፤ ፈጥኖ ለሚራመድ ሩብ ሰዓት አይሞላም። እኔ ግን ረፋዱን በሙሉ ፈጀሁበት። አሥራ ሁለት በሮች አሉት፤ እያንዳንዱ በር ባለቤት ነበረው። ዳኞች የሚገቡበት ወንበር በር አለ፤ ዘፋኞችና ነፊዎች የሚገቡበት እምቢልታ በር አለ፤ ፈታዮች ጥጣቸውን ይዘው የሚገቡበት አደናግር በር አለ፤ የፈረሰኞቹ አለቃ ባልደራስ በር አለ፤ ለሙታን መታሰቢያ ተዝካሮ በር አለ፤ የእቴጌ ምንትዋብ እናት እንቆዬም የራሳቸው በር አላቸው። ፊት በር ደግሞ አዋጅ ይነገርበት ወደነበረው ወደ ጃን ተከል አደባባይ ይወጣል፤ ትልቁ ዋርካ ዛሬም እዚያ ቆሟል።

አደባባይ ኢየሱስ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ያገኘኋቸውን አንድ አዛውንት «አባቴ፣ ይህ በር የማን ነበር?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ስሙን ነገሩኝና ተነሥተው በዱላቸው እያመለከቱ እስከ ቀጣዩ ድረስ አብረውኝ ሄዱ። «ልጄ፣ ሰው ሁሉ ውስጡን አይቶ ይሄዳል። ውስጡ የነገሥታቱ ነው፤ ውጩ ግን የእኛ ነው» አሉኝ። ከእርሳቸው ከተለየሁ በኋላ ከበሮቹ ፊት የሚነሡትን መንገዶች እየተከተልኩ ወረድኩ። የመነኮሳቱ አለቃ የእጨጌው ሰፈር እጨጌ ቤት፣ የጳጳሱ ሰፈር አቡን ቤት፣ ወደ ቀሃ ወረድ ብሎ ደግሞ የሙስሊም ነጋዴዎች ሰፈር አዲስ ዓለም። ሸማኔው፣ አንጥረኛው፣ ነጋዴው፣ ካህኑ በየሰፈሩ ኖሮ ወደ ግቢው የሚመጣው በእነዚህ በሮች ነበር። ለእኔ ጎንደር ማለት ይህ ነው፤ ግንቡ የከተማው ልብ ነበር እንጂ ለብቻው የተቀመጠ ጌጥ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ወደ ውስጥ ስገባ የእያሱ ቤተ መንግሥት ጣሪያ አልባ ሆኖ መቆሙ፣ በ1941 እ.ኤ.አ. እንግሊዞች ጣሊያንን ለማስወጣት በጣሉት ቦምብ መጎዳቱ፣ ከበፊቱ የበለጠ አንገበገበኝ። ግንቡን ያሠሩትን ብቻ ሳይሆን በየበሩ ሲገቡ የኖሩትንም አሰብኩ። ፋሲል ግቢ በ1979 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ስለ እያንዳንዱ ሕንፃ የሚተርክ አስጎብኚ በሩ ላይ ስለማይጠፋ እኔ አልደግመውም። የመግቢያውን ቲኬት ግን አይጣሉት፤ ለፋሲል መዋኛም ያገለግላል።

መዋኛው ከፒያሳ 2 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ቀሃ ወረድ ብሎ ነው፤ በእግር መሄድ ይሻላል። ከጥምቀት ውጭ ገንዳው ባዶ ስለሚሆን አንዳንዱ እንግዳ ቅር ይለዋል፤ እኔ ግን የዛፎቹ ሥር የድንጋዩን አጥር እንዴት አድርጎ እንዳቀፈው በደንብ ያየሁት ባዶ በመሆኑ ነው። በጥር ውኃው ከቀሃ ተጠልፎ ይሞላል። በከተራና በጥምቀት ለመምጣት የሚያስብ ሰው ማደሪያውን ወራት አስቀድሞ ይያዝ፤ በእነዚያ ቀናት አልጋ በልመናም አይገኝም።

ከመዋኛው በላይ፣ ኮረብታው ላይ፣ ደብረ ፀሐይ ቁስቋም አለ። እቴጌ ምንትዋብ ቤተ መንግሥታቸውንና ቤተ ክርስቲያናቸውን ያሠሩበት ነው፤ ዓባይን ፍለጋ የመጣው ጄምስ ብሩስም ያረፈው በዚያ ነበር። ዳገቱ ከባድ ነው፤ ጉልበቱ የደከመ ሰው ባጃጅ ይያዝ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ደግሞ በተቃራኒው አቅጣጫ ነው። ድርቡሾች በ1888 እ.ኤ.አ. ጎንደርን ሲያቃጥሉ ከጥፋት ከተረፉት ጥቂት አብያተ ክርስቲያናት አንዱ ነው፤ ያዳነው የንብ መንጋ ነው ይላሉ የአገሩ ሰዎች። ጫማ አውልቄ ገብቼ ጣሪያውን የሞሉትን የመላእክት ፊቶች አንጋጥጬ ሳይ አንገቴ እስኪደነዝዝ ቆየሁ። ጠዋት መሄድ ጥሩ ነው፤ የቡድን እንግዳ ሲበዛ በእርጋታ ማየት አይቻልም።

ከከተማዋ በስተ ሰሜን ያሉትን ወለቃንና ኮሶዬን ለሌላ ጊዜ አቆይቻቸዋለሁ፤ መንገዱ ሰላም ከሆነ እስከ ደባርቅ መዝለቅ እፈልጋለሁ።

የጎንደር አስጎብኚዎች ይህን ካነበባችሁ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። እንግዳውን ቲኬት ከማስቆረጣችሁ በፊት በአጥሩ ዙሪያ አንድ ጊዜ ውሰዱት። በሮቹን በስማቸው ጥሩለት፣ በየትኛው ማን ይገባ እንደነበር ንገሩት። ጃን ተከል ዋርካው ሥር አቁሙትና ፊት በርን ከዚያ አሳዩት፤ ከዚያ በኋላ ግቢው ውስጥ የሚያየው ሁሉ ይገባዋል።