የገዛ ቋንቋውን የሚጠረጥር መንግሥት

ከሶቪየት ኅብረት ስለ ወጣችው ስለ ቤላሩስ ለአገሬ ሰው ማስረዳት ይቸግረኛል። እኛ ዘንድ የቋንቋ ጠብ ሲነሣ የአንዱ ቋንቋ በሌላው ላይ ተጫነ ነው የሚባለው። እዚያ ግን የአገሬውን ቋንቋ በክፉ ዓይን የሚያየው የአገሬው መንግሥት ራሱ ነው።

በደርግ ዘመን ለትምህርት ዋና ከተማዋ ሚንስክ ስገባ ያስተማሩን ሩሲያኛ ነው። ቤላሩስኛ የሚባል ሌላ ቋንቋ መኖሩን ልብ ያልኩት የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ ለእረፍት ወደ ገጠር ይዞኝ ሲሄድ ነው። አያቱ ድራኒኪ የሚሉትን የድንች ቂጣ በመጥበሻ ላይ እያገላበጡ ያወራሉ፤ ግማሹ አይገባኝም። እሱ በሩሲያኛ ይመልስላቸዋል፤ ጆሮው ድረስ ቀልቷል። ስንመለስ ባቡር ውስጥ «የገጠር አነጋገር ነው፣ ተወው» አለኝ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በአያቱ አፍ እንዲህ ሲሸማቀቅ ከዚያ በፊት አላየሁም።

እፍረቱ ከመሬት የበቀለ አይደለም። በስታሊን አገዛዝ፣ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1937፣ በአንድ ሌሊት ብቻ ከመቶ በላይ የቤላሩስ ደራሲዎችና ምሁራን ሚንስክ ውስጥ ተረሽነዋል። ቋንቋውን ለትልቅ ነገር ሊያበቁት የሚችሉት ሰዎች ሲያልቁ ገበሬው ብቻ ተሸክሞት ቀረ። በ1990 ቤላሩስኛ ብቸኛው የመንግሥት ቋንቋ እንዲሆን ሲታወጅ ነገሩ የተቃና መስሎ ነበር፤ ከአምስት ዓመት ብዙም አላለፈም። በ1994 ሥልጣን የያዘው ፕሬዚዳንት ሉካሼንኮ በማግሥቱ ዓመት ሕዝበ ውሳኔ ጠርቶ ሩሲያኛን እኩል አደረገ፤ ነጭ ቀይ ነጩንም ባንዲራ አወረደ። በቤላሩስኛ ትልቅ ነገር መናገር አይቻልም፣ በዓለም ላይ ታላላቅ ቋንቋዎች ሩሲያኛና እንግሊዝኛ ብቻ ናቸው እስከ ማለትም ደርሷል። የአገር መሪ ነው እንግዲህ! በ1999 ቆጠራ ቤቱ ውስጥ ቤላሩስኛ እናገራለሁ ያለው ሕዝብ 37 በመቶ ገደማ ነበር፤ ከአሥር ዓመት በኋላ 23 በመቶ ሆነ።

የሚገርመኝ ቋንቋው በሕግ አለመከልከሉ ነው። የሚንስክ ሜትሮ በሩ ሲዘጋ ተሳፋሪውን የሚያስጠነቅቀው በቤላሩስኛ ነው። ድምፅ ማጉያው ሲናገረው ማንም ዞር ብሎ አያይም፤ ተሳፋሪው ሲናገረው ግን «ተቃዋሚ ይሆን?» የሚል ዓይን ያርፍበታል። የ2022 የኖቤል ሰላም ተሸላሚ አሌስ ቢያሊያትስኪ በማግሥቱ ዓመት ፍርድ ቤት ቀርቦ ችሎቱ በቤላሩስኛ እንዲካሄድለት ቢጠይቅ ተከለከለ። በሕገ መንግሥቱ ሁለቱም የመንግሥት ቋንቋዎች ናቸው። አሥር ዓመት ተፈረደበት።

ይህን ሁሉ ያዩ አንዳንድ ስደተኛ ወጣቶች ሩሲያኛ ተናጋሪውን ወገናቸውን እንደ ግማሽ ቤላሩሳዊ ሲቆጥሩት እሰማለሁ። ንዴታቸው ይገባኛል፤ ድምዳሜው ግን አይዋጥልኝም። ስቬትላና አሌክሲየቪች በ2015 ኖቤል የተሸለመችባቸውን መጻሕፍት የጻፈችው በሩሲያኛ ነው። በ2020 ምርጫው ተጭበረበረ ብሎ አደባባይ የወጣው ሕዝብ «ቤላሩስ ለዘላለም ትኑር» ያለው በቤላሩስኛ ነው፤ ሉካሼንኮን «ሂድ» ያለው ግን በሩሲያኛ ነበር። ከሰልፉ እየታፈሱ የታሰሩት በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አብዛኞቹ ቤታቸው ሩሲያኛ የሚናገሩ ናቸው፤ እነዚህን ግማሽ የሚል ሰው ከማን ጋር አገር ሊመሠርት እንደሚያስብ አላውቅም።