ባለቤቱ ውጭ አገር፣ መኪናው ገላን፦ የጭነት መኪና ኢንሹራንስ ከመፈረማችሁ በፊት

ከቃሊቲ ወደ ገላንና ዱከም በሚወስደው መንገድ ዳር ካሉት ግቢዎች በአንዱ ከሚያድሩት ሲኖትራኮችና አይሱዙዎች መካከል ባለቤቱ ዋሽንግተን ወይም ሪያድ ያለ አይጠፋም። መኪናውን የሚያንቀሳቅሰው ወንድም ወይም አጎት ነው። ይህን የምንጽፈው ለእነዚያ ባለቤቶች ነው፤ ብዙ ዓመት የተለፋበት ገንዘብ በአንድ ወረቀት ስህተት ሲቀር ማየት ያማል።

መጀመሪያ ስሙን እዩ። ኢንሹራንሱ የሚገባው ሊብሬው ላይ ባለው ስም ነው፣ ካሳውም የሚወጣው ለዚያው ሰው ነው። ገንዘቡ የእኅት፣ ሊብሬው የወንድም ከሆነ እኅት ኢንሹራንሱ ፊት የለችም። የውጭ ዜግነት የወሰደ ሰው በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ አውጥቶ በራሱ ስም መሥራት ይችላል። ከዚያ የሚቀረው ውክልና ነው፤ ኤምባሲ ይፈረማል፣ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያረጋግጠዋል፣ ሰነዶች ማረጋገጫ ይመዘገባል። ውክልናው ላይ «መኪናውን ማስተዳደር» ብሎ ማለፍ አይበቃም። ኢንሹራንስ መግባትና ማደስ፣ ካሳ መጠየቅና መቀበል፣ ቦሎ ማሳደስ፣ ፍርድ ቤት መከራከር እያሉ በዝርዝር ማስጻፍ ያስፈልጋል። «ካሳ መቀበል» የሚለው ከተዘለለ ቼኩ ተዘጋጅቶም አዲስ ውክልና እስኪመጣ ይቀመጣል።

አሜሪካ የከባድ መኪና ሥራ የሚያውቁ ሰዎች አንድ ነገር ይሳሳታሉ። እዚያ ከክፍለ ግዛት ክፍለ ግዛት ተራ ጭነት በኪራይ የሚያጓጉዝ ከባድ መኪና ቢያንስ የ750,000 ዶላር የኃላፊነት ሽፋን ይጠየቃል። እዚህ አዋጅ ቁጥር 799/2005 የሚያስገድደው ሦስተኛ ወገንን፣ ማለትም መኪናው በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት የሚገባውን ሽፋን ነው፤ እሱም የካሳ ጣሪያ አለው። ሦስተኛ ወገን የራሳችሁን መኪና አያነሳም። ለዚያ ሙሉ ዋስትና መግባት የእናንተ ውሳኔ ነው፣ መኪናው በባንክ ብድር ከተገዛ ደግሞ ባንኩ ራሱ ያስገባችኋል።

ዋጋው ላይ ነው ብዙ ሰው የሚጎዳው። ፕሪሚየም (ለኢንሹራንሱ የምትከፍሉት ዋጋ) የሚሰላው በተመዘገበው የመኪና ዋጋ ላይ ስለሆነ ዋጋውን ዝቅ አድርጎ ማስመዝገብ ቁጠባ ይመስላል። ስሌቱ ግን እንዲህ ነው። የገበያ ዋጋው 6 ሚሊዮን ብር የሆነን መኪና በ4 ሚሊዮን አስገባችሁ እንበል። ግጭት ደርሶ ጥገናው 900,000 ብር ቢሆን፣ የዋጋ ተመጣጣኝነት አንቀጽ ባለበት ውል የሚከፈላችሁ ከሦስት ሁለት እጁ፣ 600,000 ብር ነው፤ ከዚያም ኤክሰስ (ከየጉዳቱ እናንተ የምትሸፍኑት ድርሻ) ይቀነሳል። 300,000ው ከኪስ ነው። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የመኪናውም የመለዋወጫውም ዋጋ ስለናረ፣ በድሮው ዋጋ ዝም ብሎ ማደስ ሳያውቁ እዚህ ውስጥ መግባት ነው። በየዕድሳቱ የወቅቱን ዋጋ አስገምቱ። ተሳቢ የራሱ ታርጋ አለው፣ ለብቻው ይገባል፤ የጎታቹ ውል ይሸፍነዋል ብላችሁ አትተኙ።

አጠቃቀሙም እንደዚያው ነው። «ለራስ ዕቃ» የተባለ መኪና ከኪራይ መኪና ያነሰ ይከፍላል። ለራስ ዕቃ ተብሎ ገብቶ የሰው ሲሚንቶ ጭኖ ቢገለበጥ ግን ካሳ መከልከያው ምክንያት ውሉ ላይ ቁጭ ብሏል። ከተፈቀደው ክብደት በላይ መጫንና ምድቡ ለዚያ መኪና የማይፈቅድ መንጃ ፈቃድም እንዲሁ ናቸው። ሹፌር ሲቀጠር የመንጃ ፈቃዱን ፎቶ ሳይሆን ዋናውን እዩ።

መደበኛው ውል የማይነካቸውን ነገሮች በጽሑፍ ጠይቁ፦ ሁከትና የሽፍታ ጉዳት፣ የጎማና የባትሪ ስርቆት፣ ገልባጭ አሸዋ ሲያራግፍ መውደቁ። ሹፌሩና ረዳቱም ሦስተኛ ወገን አይደሉም። በሥራ ላይ ለሚደርስባቸው ጉዳት አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪውን ተጠያቂ ስለሚያደርግ ለእነሱ የተለየ ሽፋን ግቡ። ጂቡቲ ለሚሄድ መኪና የኮሜሳ (የምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያ) ቢጫ ካርድ የሚባለው ድንበር ተሻጋሪ ኢንሹራንስ ያስፈልጋል (ዳያስፖራው ቢጫ ካርድ ከሚለው መታወቂያ ጋር አይገናኝም)፤ እሱ ግን ለሦስተኛ ወገን ነው፣ የራስ መኪና ጉዳት በውሉ ላይ ድንበር እንዲሻገር ተብሎ መጨመር አለበት። የጫናችሁት ዕቃም ሌላ ነው። የነጋዴው ኢንሹራንስ ለነጋዴው ከፍሎ ገንዘቡን ከአጓጓዡ ሊጠይቅ ይችላል፣ ስለዚህ የአጓጓዥ ኃላፊነት ሽፋን ዋጋ ጠይቁ።

በሐቅ ዋጋ የሚቀንሰው ምንድን ነው? ከፍ ያለ ኤክሰስ መቀበል፣ በማኅበር ወይም ብዙ መኪና በአንድ ላይ መግባት፣ ጥበቃ ያለው ማደሪያ፣ ካሳ ሳይጠየቅ ላለፈ ዓመት የሚሰጥ ቅናሽ። ድርጅት ስትቀይሩ የዚህን ቅናሽ ደብዳቤ ከአሮጌው ድርጅት ውሰዱ። ለተሰበረ የፊት መብራት ካሳ ከመጠየቅ በፊት ቅናሹ ይበልጣል ወይስ ካሳው ብላችሁ አስሉ።

አደጋ ሲደርስ ትራፊክ ፖሊስ ፕላን (የአደጋውን ቦታ ንድፍ) እስኪያነሳ መኪናው አይነቃነቅ፤ የሰው ሕይወት ማዳን ግን ይቅደም። ሹፌሩ ፎቶ ያንሳ፣ በቦታው «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እከፍላለሁ» ብሎ አይፈርም። ለኢንሹራንሱ በዚያው ቀን ይነገር፣ የእነሱ ገማች ሳያይ ጋራዥ አይፈታው። መኪናው ቆሞ የቀረው ገቢ በተለመደው ውል አይካስም፣ ስለዚህ የጥቂት ወራት ወጪ ለብቻው ይቀመጥ።

ውሉ አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ተጽፎ የሚያበቃበት ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ቦሎው በእኛ። ሁለቱን ቀኖች በአንድ ወረቀት ላይ በሁለቱም አቆጣጠር ጽፋችሁ አንዱን ቅጂ ለወንድማችሁ፣ አንዱን ለራሳችሁ ያዙ።