ሌሊት 9 ሰዓት የተቀዳ ናሙና

በአንዲት ከተማ የውኃ አገልግሎት ውስጥ የጥራት ባለሙያ ሆኜ በምሠራበት ጊዜ፣ የጉድጓዶቹ ምርት ለነዋሪው ስላልበቃ ሥርጭቱ በፈረቃ ነበር። ለታችኛው ሰፈር ተራው የሚደርሰው በሦስት ቀን አንዴ፣ ያውም ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ሲሆን፣ እኔ የመመርመሪያ ዕቃዬን ይዤ እዚያ የምደርሰው ግን ጠዋት 4 ሰዓት ገደማ ነው። የማገኘው ቀሪ ክሎሪን (ጀርም እንዲገድል ከተጨመረው ውኃው ውስጥ የተረፈው) በሊትር 0.4 ሚሊ ግራም አካባቢ ነበር፤ የዓለም ጤና ድርጅት ውኃው ተጠቃሚው ዘንድ ሲደርስ ቢያንስ 0.2 ይኑረው ስለሚል፣ ቅጹ ላይ «ደህና» ብዬ እፈርማለሁ።

አንድ ቀን አንዲት እናት ቡናማ ውኃ የሞላ ሃይላንድ ይዘው ቢሯችን መጡ። በውጤቴ ተማምኜ «እማማ፣ ጀሪካንዎ ቆሽሾ ይሆናል» አልኳቸው፤ ዛሬም የማፍርበት መልስ ነው። እርሳቸው ሳይቆጡ፣ «ልጄ፣ አንተ የምትመጣው እኛ ቀድተን ከጨረስን በኋላ ነው» አሉኝ።

በሚቀጥለው ተራ ሌሊቱን እግቢያቸው ተገኘሁ። ቧንቧው መጀመሪያ አየር ተፋ፤ ቀጥሎ ዝገት፣ ከዚያም የቦይ ሽታ ያለው ውኃ ወረደ። ክሎሪን ቢኖር ሮዝ ቀለም ማሳየት የነበረባት የዲፒዲ መመርመሪያ ኪኒን ሟምታ አለቀች እንጂ ውኃው አልቀላም። ፈዘዝ ያለ ሮዝ ያየሁት ከ40 ደቂቃ በኋላ ሲሆን፣ ያን ጊዜ የሰፈሩ ጀሪካን ሁሉ ሞልቶ ነበር።

አለቃዬ ማጠራቀሚያው ላይ ክሎሪን ይጨመር አሉ። ሞከርነው፤ የላይኛው ሰፈር በክሎሪኑ ሽታ ተማረረ፣ ታች ግን ቧንቧው ውስጥ ቀድሞ የገባው ቆሻሻ ክሎሪኑን ስለሚበላው ለውጥ አልመጣም። መስመሩ ሲዘጋ በውስጡ የቀረው ውኃ ወደ ዝቅተኛዎቹ ቤቶች ወርዶ ያልቃል፤ ግፊቱም ይጠፋል። ግፊት ሳለ ውኃ ያወጣ የነበረው ቀዳዳ፣ ግፊት ሲጠፋ በውጭ ያለውን ወደ ውስጥ ይስባል። ስንቆፍርም የፍሳሽ ቦይ የሚያቋርጥ አሮጌ የብረት ቧንቧ፣ መጋጠሚያው ላልቶ፣ ፍሳሹ ውስጥ ተነክሮ አገኘነው።

መጋጠሚያው በሁለት ቀን ተቀየረ። የከበደው፣ ከእያንዳንዱ ተራ በፊት የመስመሩ ጫፍ ተከፍቶ የመጀመሪያው ውኃ ይፍሰስ የሚለው ሐሳቤ ነበር። አለቃዬ «ሕዝብ ውኃ አጥቶ እኛ መሬት ላይ እንድፋው?» አሉ፤ በፈረቃ ለሚኖር ከተማ ጥያቄው ተገቢ ነበር። በመጨረሻ በ15 ደቂቃ ተስማማን። ቀድሞ የፈረቃውን ሰንጠረዥ የሥርጭት ክፍሉ ብቻውን አውጥቶ ሰሌዳ ላይ ሲለጥፈው እኛም እንደማንኛውም ደንበኛ እናነብ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሳይወጣ በፊት እኔም ዘንድ ያልፍ ጀመር። በናሙና ቅጹም ላይ አንድ ዓምድ በእስክሪፕቶ ጨመርኩ፦ «ውኃው ከመጣ ስንት ደቂቃ ሆነው?»