ከፋውንቴንስ ገዳም እስከ ለንደን የነጋዴዎች አደባባይ

በሰሜን እንግሊዝ ወዳለችው ሪፐን ከተማ ባቡር አይገባም። ከለንደን እስከ ሊድስ በባቡር ሁለት ሰዓት ከምናምን፣ ከዚያ በ36 ቁጥር አውቶቡስ ሃሮጌትን አልፎ ነው የሚደረሰው። ከሪፐን ፋውንቴንስ ገዳም ስድስት ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ የያዝኩት ታክሲ ግን 25 ፓውንድ ተቀበለኝ። ዋጋ ሳይነጋገሩ መግባት አይበጅም። መራመድ የሚችል በስተድሊ ሮያል የአጋዘን መናፈሻ በኩል ቢሄድ ይሻለዋል፤ ገዳሙ ከውኃው መታጠፊያ በኋላ ድንገት ግጥም ብሎ የሚታየው በዚያ በኩል ነው።

ገዳሙን በ1132 የመሠረቱት ከዮርክ የወጡ መነኮሳት ናቸው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ድህነትን ፈልገው መጥተው በሱፍ ከበሩ። ብዙ ጎብኚ ወደ ግንቡ ይሮጣል፤ እኔን ያስቀረኝ ግን በምዕራብ በኩል ያለው ምድር ቤት ነው፦ 90 ሜትር ገደማ ርዝመት፣ መሐል ለመሐል አንድ ረድፍ ዓምድ፣ ከየዓምዱ ራስ እንደ ዘንባባ የተዘረጋ የድንጋይ ቅስት። መነኮሳቱ ሱፉን ገና በበጉ ጀርባ ላይ እያለ፣ ዓመታት ቀድመው ለጣሊያን ነጋዴዎች ይሸጡት ነበር። በጎቹን እከክ ሲጨርሳቸው ዕዳው ገዳሙ ላይ ይወድቃል።

ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ የእንግሊዝን ገዳማት የዘጋበት መንገድ ከሁሉ በላይ የሒሳብ ሥራ ነበር። በ1534 ሄንሪ 8ኛ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ራስ ነው ተባለ፤ በ1535 የንጉሡ መዝጋቢዎች የየደብሩንና የየገዳሙን ገቢ ጻፉ፤ በ1536 ዓመታዊ ገቢያቸው ከ200 ፓውንድ በታች የሆኑት ገዳማት ተዘጉ። ከ1,000 ፓውንድ በላይ የነበረው ፋውንቴንስ እስከ ኅዳር 1539 ቆየ። ለዚሁ የተቋቋመው መሥሪያ ቤት መሬቱን ሲሸጥ የዓመቱን ኪራይ በ20 አባዝቶ ዋጋ ያወጣል። ገንዘቡ ለፈረንሳይና ለስኮትላንድ ጦርነት ፈሰሰ፤ ሄንሪ በ1547 ሲሞት ከመሬቱ ከግማሽ የሚበልጠው ከዘውዱ እጅ ወጥቶ ነበር።

አንዲት በዕድሜ የገፉ በጎ ፈቃደኛ አስጎብኚ ብቻዬን ቆሜ ሳፈጥ አይተው መጡና የተቦደሰ ግድግዳ ጋ ወሰዱኝ። ግድግዳው ከውጭና ከውስጥ በተጠረበ ድንጋይ ይታነጽና መሐሉ በስብርባሪ ድንጋይና በኖራ ይሞላል። መጀመሪያ የተወሰደው የጣሪያው እርሳስ ነው፤ እዚያው ቀልጦ በጥፍጥፍ ይፈስሳል። እርሳሱ ሲነሣ ዝናብ ከላይ ገብቶ ኖራውን ያጥባል፤ ክረምት ሲመጣ ውኃው በረዶ ሆኖ ያብጥና ድንጋዮቹን ይለያያቸዋል። አብዛኛውን ያፈረሰው መዶሻ አይደለም። በቅርቡ ባለው የሪቮ ገዳም የዘውድ ማኅተም የተመታበት የእርሳስ ጥፍጥፍ ከፍርስራሽ ሥር ተገኝቶ በ1920ዎቹ የዮርክ ካቴድራልን «አምስቱ እኅቶች» የተባለውን መስኮት ለማደስ ውሏል። ዮርክ ሄጄ ከመስኮቱ ሥር ስቆም እርሳሱ ወደ ቤተ ክርስቲያን በመመለሱ ከልቤ ደስ አለኝ።

ወደ ዮርክ የወሰደኝ መንገድ የሚነገር ነገር የለውም፤ ማደሪያዬም ከመጠጥ ቤት በላይ ስለነበር እስከ እኩለ ሌሊት እንቅልፍ አልነበረም። ዕለቱ ዓርብ ነውና የተጠበሰ ዓሣና ድንች የሚሸጥበት ቤት ሰልፉ እስከ አስፋልቱ ወጥቶ ነበር። ዓርብ ዓሣ መብላት ከድሮው ጾም የቀረ ልማድ ነው። ረቡዕ ግን ሌላ ታሪክ አለው። በ1563 የሄንሪ ልጅ የንግሥት ኤልሳቤጥ ዋና አማካሪ ዊልያም ሴሲል ረቡዕም ሥጋ የማይበላበት ቀን እንዲሆን በፓርላማ አስወሰነ። የጣሰ 3 ፓውንድ ይቀጣል ወይም ሦስት ወር ይታሰራል። ምክንያቱ ሕጉ ውስጥ በግልጽ ሰፍሯል፦ ዓሣ አጥማጅ ሲበዛ መርከበኛ ይበዛል፣ መርከበኛ ሲበዛ ባሕር ኃይሉ ይበረታል። ይህ ለነፍስ ድኅነት ነው ብሎ የሚሰብክ ሰው ሐሰተኛ ወሬ እንደነዛ ይቀጣል። እኛ ረቡዕን የምንጾመው በጌታ ላይ የተመከረበት ቀን ነው ብለን ነው። ጾምን ከጸሎት ነጥሎ ለወደብ ማዋል ልቤ አይቀበለውም፤ ሕጉ ዓላማውን ሳይደብቅ መናገሩን ግን አከብራለሁ። ሕዝቡ «የሴሲል ጾም» አለው፤ የየቤቱን ማዕድ መቆጣጠርም አልተቻለምና በ1585 የረቡዑ ግዴታ ተነሣ።

ዘዴው ግን አልተተወም። በቻርልስ 2ኛ ዘመን የእንግሊዝ ሱፍ ገበያ እንዲያገኝ ሬሳ በሱፍ ብቻ እንዲገነዝ ታዘዘ። በ1678ቱ ሕግ መሠረት ዘመድ በስምንት ቀን ውስጥ በመሐላ ካላረጋገጠ ቅጣቱ 5 ፓውንድ ነው፤ ግማሹ ለጠቋሚው፣ ግማሹ ለደብሩ ድሆች። በበፍታ መቀበር የፈለጉ ባለጸጎች ከራሳቸው ቤተሰብ ጠቋሚ አዘጋጅተው ግማሹን ያስመልሱ ነበር።

ለንደን ላይ ከባንክ የምድር ባቡር ጣቢያ እንደወጡ የነጋዴዎች አደባባይ የነበረው ሮያል ኤክስቼንጅ ይታያል። መግቢያ አይከፈልም። ጣሪያው ላይ ያለው የወርቅ ቅብ ፌንጣ የግሬሻም ቤተሰብ አርማ ነው። ፋውንቴንስን በ1540 ከዘውዱ የገዛው የለንደን ነጋዴ ሰር ሪቻርድ ግሬሻም ነው፤ ይህን አደባባይ ያሠራው ልጁ ቶማስ ነው። ቶማስ አንትወርፕ ተቀምጦ በየተራ ለነገሡት የሄንሪ ልጆች፣ ለፕሮቴስታንቱ ኤድዋርድ፣ ለካቶሊኳ ሜሪ፣ ቀጥሎም ለኤልሳቤጥ ብድር ያፈላልግ ነበር። ሥራውን ያከበደበት የሄንሪ የብር ሳንቲም መርከስ ነው፤ ከ1544 ጀምሮ መዳብ እየተጨመረበት በ1551 የብሩ ድርሻ ከ92.5 ወደ 25 በመቶ ወርዶ ነበር። በሳንቲሙ ላይ ንጉሡ ፊት ለፊት ስለሚታይ ጎልቶ የወጣው አፍንጫው ነው፤ የብር ቅቡ ቀድሞ የሚለቀውም እዚያ ላይ ነበርና ሰዉ ንጉሡን «መዳብ አፍንጫው» ይለው ጀመር። ኤልሳቤጥ በ1560 እና 1561 መጥፎውን ሳንቲም ሰብስባ በንጹሕ ብር አስመታች።

አደባባዩን በጥር 1571 መርቃ ስሙን ያወጣችለትም እርሷ ናት። የቶማስ ሕንፃ በ1666ቱ ቃጠሎ ወድሟል፤ ሁለተኛውም በ1838 ተቃጥሏል፤ የዛሬው ሦስተኛው ነው። ነጋዴ ስለ መርከብና ስለ ምንዛሪ የሚጨቃጨቅበት ግቢ አሁን የሰዓትና የጌጣጌጥ ሱቅ ሆኗል። ቅዳሜና እሑድ ብዙው ስለሚዘጋ በሥራ ቀን መሄድ ይሻላል።