የጭኔ ሕመም

ከወለድኩ ወዲህ የቀኝ ጭኔ ውጫዊ ጎን፣ ከዳሌዬ ዝቅ ብሎ ወደ ጉልበቴ የሚወርደው ስፍራ፣ አንዳንዴ ይደነዝዛል፣ አንዳንዴም ሚጥሚጣ እንደ ነካው ቆዳ ያቃጥላል። ከሁሉ የሚያስጨንቀኝ ሁለቱ በአንድ ቦታ መገናኘታቸው ነው፤ በጣቴ ስጫነው በቅጡ የማይሰማኝ ቆዳ፣ የቀሚሴ ጨርቅ ሲነካካው ያንገበግበኛል። ክፍል ውስጥ ቆሜ ሳስተምር ይብስብኛል፤ ስቀመጥ ፋታ ይሰጠኛል። ቁስል ስለሌለው የሚያየኝ ሁሉ ደህና እንደሆንኩ ያስባል፣ ይህም ራሱን የቻለ ሸክም ነው።

እናቴ «ልጄ፣ ብርድ መትቶሽ ነው» ትለኝ ነበር፤ እኔ ግን በልቤ የምፈራው እግሬ ሽባ እንዳይሆን ነበር። ሐኪሙ ጉልበቴን በትንሿ መዶሻ መታ መታ አድርጎ፣ እጁን በእግሬ እንድገፋ አዝዞ ጥንካሬዬን ከለካ በኋላ፣ የደነዘዘውን ስፍራ ዙሪያውን በእስክሪብቶ አሰመረልኝና ሕመሙ ሜራልጂያ ፓሬስቴቲካ እንደሚባል ነገረኝ። ከ2ኛውና ከ3ኛው የወገብ ነርቭ የሚነሣ አንድ ነርቭ፣ በዳሌ አጥንት የፊት ጫፍ አጠገብ በብሽሽት ጅማት ሥር ሲያልፍ በመጨመቁ የሚመጣ ነው። ነርቩ ለጭን ቆዳ ስሜትን እንጂ ለጡንቻ ጉልበትን የሚሰጥ ስላልሆነ እግር አይሰንፍም፤ ይህን መስማቴ ብቻውን እንቅልፌን መለሰልኝ።

እርግዝና፣ የክብደት መጨመር፣ የጠበቀ ቀበቶና ሱሪ እንዲሁም የስኳር በሽታ ለዚህ ሕመም እንደሚያጋልጡ አስረዳኝ። እናቴ በአራስነቴ ሆዴ እንዲመለስ ብላ በመቀነት ጥብቅ አድርጋ ታስረኝ ነበር። ሐኪሙ ወገቤን የሚያጠብቅ ነገር ሁሉ እንዲቀር ማዘዙን ስነግራት፣ ምንም ሳትከራከር በራሷ እጅ ፈታችልኝ፤ ለዚህም ከልብ አመሰግናታለሁ።

አሁን ክፍል ውስጥ በየመሐሉ እቀመጣለሁ፣ ሰፋ ያለ ቀሚስ እለብሳለሁ፣ በጀርባዬ ስተኛም ከጉልበቴ ሥር ትራስ አደርጋለሁ። በትኩስ ውሃ የተሞላ ጠርሙስ ግን በዚያ ስፍራ አላስጠጋም፤ የደነዘዘ ቆዳ ቢቃጠልም ወዲያው አይናገርምና። ለነርቭ ሕመም የሚታዘዙትን እንደ ጋባፔንቲን ያሉ መድኃኒቶች፣ ጡት ስለማጠባ ያለ ሐኪም ፈቃድ አልነካቸውም። እግሬ ቢዝል፣ ሽንቴን መቆጣጠር ቢያቅተኝ ወይም መደንዘዙ ወደ ብልት አካባቢ ቢዛመት፣ ጉዳዩ ሌላ ስለሆነ ሳልውል ሳላድር ወደ ሐኪም ቤት እንድሄድ ተነግሮኛል።

ማቃጠሉ ከበፊቱ ቀለል ብሎልኛል፤ ከጉልበቴ ከፍ ብሎ ያለው ስፍራ ግን እስካሁን እንደደነዘዘ ነው። ሐኪሙ ብዙዎች በወራት ውስጥ እንደሚሻላቸው፣ ካልተሻለኝም በነርቩ አጠገብ የሚሰጥ መርፌ እንዳለ ስለነገረኝ፣ ወደ ቀጠሮዬ የምሄደው ያለ ፍርሃት ነው።